ወደ ሰፊ ቤት መግባት ምን ጥቅም አለው?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ሰፊ ቤት ጥቅም አጠር ያለ ንግግር አድርጉልን» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ቀልድ ነበር የመሰለን። እኛ ኢስሊ ውስጥ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ የምንሸጥ ባለሱቆች ነን። መሐንዲሶች አይደለንም፤ የቤት ደላሎችም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። በኋላ ግን ነገሩ ገባን። ማኅበራችን አሁን ካለበት አንድ ክፍል ወጥቶ ሰፋ ያለ ግቢ ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚለው ክርክር ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮሚቴው የፈለገው አባላት ከመወሰናችሁ በፊት ከጠባብ ቤት ወደ ሰፊ ቤት የተዛወረ አንድ ቤተሰብ ያየውን በግልጽ እንዲናገር ነው። ንግግሩን የምናነበው አንዳችን ብንሆንም ያሰብነው ሁለታችን ስለሆነ፣ «እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን። ዓመቶቹንም በምንኖርበት አገር አቆጣጠር እንናገራለን፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።

ሁለታችንም ያደግነው በቀበሌ ቤት ነው፤ አንዳችን አዲስ አበባ ጉለሌ፣ አንዳችን ደሴ። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በኋላ ቤት ማለት ለብዙዎቻችን የሚመርጡት ሳይሆን የሚመደቡበት ነገር ሆነ። በተመደብንበት ክፍል ላይ ቆጥ ሠርተን፣ በጓሮ በኩል በቆርቆሮ ቀጥለን ኖርን። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል፣ ዛሬ አስፋልት በሆነው ያን ጊዜ ግን አቧራና ሽፍታ በነበረው መንገድ ናይሮቢ ስንገባ ጥበት ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ኢስሊ ውስጥ በአንድ ክፍል አምስት ላጤ ሆነን ስንኖር ማንም «ጠበበን» አላለም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር።

«ከተፋቀሩ የነብር ቆዳ ላሥር ይበቃል» ይባላል። እኛም ይህንን ተረት ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ይዘነው ነበር። ቤታችን ለመጣ ሁሉ የምንናገረውም እሱኑ ነበር። ነገር ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ለፈተና የምታጠና ልጅ እንዳልነበረችው እርግጠኞች ነን።

ከተጋባን በኋላ የተከራየነው ቤት ኢስሊ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። ኩሽናው አንድ ሰው ቆሞ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው የሚወጣበት ነው። በዚያ ቤት ሦስት ልጆች ወለድን። ሱቁን በ2001 ከከፈትን በኋላ እማማ፣ የባለቤቴ እናት ማለት ነው፣ ልጆቹን ለማየት ከደሴ መጥተው በዚያው ቀሩ። ስድስት ሆንን። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራና የመኖሪያ ጉዳይ ድርጅት፣ ዩኤን ሃቢታት የሚባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ ጊጊሪ ነው። በእሱ መለኪያ በአንድ መኖሪያ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ከኖረ ቤቱ ጠባብ ይባላል። ስድስት ሰው ለሁለት ክፍል ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርሳል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ልክ ነበርን ማለት ነው። ነገር ግን እኛ ቤት እንግዳ ያልነበረበትን ወር አናስታውስም። አንዱ ከሞያሌ ይመጣል፣ አንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ይጠብቃል፣ አንዷ አረብ አገር ሰንብታ ትመለሳለች። ይህን እንደ ውለታ ቆጥረን አይደለም የምንናገረው፤ እናንተም ቤት እንዲሁ ነበር። በዚያ ላይ የሱቁ ዕቃ ነበረ። ለመጋዘን የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረን የጤፉ ጆንያና የበርበሬው ማዳበሪያ የሚቀመጠው መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነበር። «መስኮቱ ሥር» አልን እንጂ ክምሩ መስኮቱን ከደፈነው ዓመታት አልፈው ነበር።

እንጀራ የምንጋግረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ ጎረቤቶች ነቅተው ሻይ ሲያፈሉ ምጣዱ ከተሰካ የፎቁ መብራት በሙሉ ድርግም ይላል። የሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ደጎች ስለነበሩ ስቀው ያልፉት ነበር። ኬርቴከሩ ግን አይስቅም።

ቀድመን መውጣት ያልቻልነው ስለ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ለእኛ ዓይነቱ ነጋዴ ምን ማለት እንደነበረ በዚህ አዳራሽ ያሉ ባለሱቆች ያውቁታል። ያን ጊዜ ያጠራቀምነውን በላን፤ በዱቄት ድብልቅ እየጋገርን ደንበኛ ይዘን ቆየን። (የድብልቁን መጠን ዛሬም አንናገርም።) እውነቱን ለመናገር ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የለመድነውን ሰፈር መፍራትም ነበር፤ ከኢስሊ ከወጣን የምንሞት ይመስለን ነበር።

ሦስት ነገሮች አስወጡን። አንደኛው የእማማ ነገር ነው። በ2010 ታናሽ ወንድማቸው ደሴ ላይ አረፉ። መርዶው እንደ ደንባችን በማለዳ ተነገራቸው። ወገን ሰምቶ መጣ፤ ሳሎን የምንለው ክፍል አሥራ ሁለት ሰው ሲይዝ ሞላ። ሌላው ኮሪደር ላይ፣ ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የፎቁ ሰው መውጫ መግቢያ አጣ። ልቅሶውም ይሰማል። ማታ ኬርቴከሩ መጥቶ «ነገ እንደዚህ ከሆነ አከራዩን እጠራለሁ» አለ። እኛም ፈርተን፣ መሄጃ ስለሌለን፣ ልቅሶውን በአንድ ቀን ዘጋነው። እማማ ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው «ወንድምዎን እግዚአብሔር ነፍስ ይማር» ባላቸው ቁጥር «የወንድሜን ልቅሶ ደረጃ ላይ ጨረስኩት» ይሉ ነበር። እኛን ለመውቀስ ብለው አልነበረም፤ እኛ ግን በሰማነው ቁጥር አንገታችንን እንደፋ ነበር።

ሁለተኛው የትልቋ ልጃችን ነው። ቤት ውስጥ ጸጥታ የሚሆነው ሁሉም ሲተኛ ነው፤ ሁሉም ሲተኛ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ደብተሯን ይዛ ደረጃው ላይ በኮሪደሩ አምፖል ታጠና ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ጎበዝ ልጅ» እያልን ኮራንባት። አንድ ሌሊት ከሱቅ አምሽተን ስንወጣ ከአራተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረምሳ አጠገቧ ተቀምጦ አገኘነው። ምንም አላደረጋትም፤ ምናልባትም ሒሳብ እያሳያት ይሆናል። ቢሆንም የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ከዚያ ሌሊት በኋላ መኩራታችን ቀረ።

ሦስተኛው በሽታ ነው። በ2012 አንድ የዘመድ ልጅ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። በጁላይ ሳል ያዘው። የጁላይ ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ማር ሰጠነው። በኦገስትም ሳለ። ክብደቱ ቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀው ጀመር። እሱ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ፣ እኛም እንዳናስከፋው ፈርተን ሳንናገር ሰነበትን። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መውሰድ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እሱም ሳያቋርጥ ወስዶ ድኗል፤ ዛሬ ሞምባሳ መንገድ አጠገብ ጋራዥ ይሠራል፤ ይህንንም የምንናገረው ከራሱ ፈቃድ ጠይቀን ነው። ነገር ግን ነርሷ ቤተሰቡን በሙሉ አስጠርታ ስትመረምር «ስንት ሰው ናችሁ? በስንት ክፍል? ስንት መስኮት አላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። «አንድ መስኮት አለን፣ እሱም ጆንያ አለበት» ብለን መለስን። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሽታው በአየር እንደሚተላለፍና ንጹሕ አየርና ፀሐይ በማይገባበት ቤት ውስጥ እንደሚበረታ በትዕግሥት አስረዳችን። እኛ ሌላው ነፃ ሆንን። ታናሹ ልጃችን ግን ያን ጊዜ ገና አራት ዓመቱ ስለነበረ እንዳይታመም ተብሎ ለስድስት ወር መከላከያ መድኃኒት እንዲወስድ ተደረገ። ያን ክኒን በየማለዳው በስኳር ውሃ አሟሙተን ስናጠጣው፣ መስኮቱን የደፈንነው እኛው መሆናችንን ማን ይነግረናል?

በኖቬምበር 2012 የቲካ ሰፊ መንገድ በፕሬዚዳንት ኪባኪ ተመረቀ። ከዚያ በፊት ካሳራኒ መኖርና ኢስሊ መነገድ የማይታሰብ ነበር፤ ግማሽ ቀን ማታቱ ውስጥ ያልፋል። መንገዱ ሲከፈት በጃንዋሪ 2013 ካሳራኒ ውስጥ ሦስት መኝታ ቤትና አነስተኛ ግቢ ያለው ቤት ተከራየን። ኢስሊ የምንከፍለው በወር 12 ሺህ ሽልንግ ነበር፤ ካሳራኒ 28 ሺህ ሆነ። ማስያዣውንና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ የከፈልነው ባለቤቴ በወጣላት ዕቁብ ነው።

አሁን ጥቅሙን እንናገር። በመጀመሪያው ሌሊት ማንም አልተኛም። ልጆቹ ከክፍል ክፍል ሲሮጡ አደሩ፤ እማማ «ይህ ሁሉ ክፍል ማን ሊተኛበት ነው? ሰይጣን ነው የሚገባበት» ብለው ጸበል ሲረጩ አመሹ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ በቤታችን ጩኸት ቀንሷል። እኛ ባልና ሚስት ለዓመታት የተጣላንበትን ምክንያት ሁሉ በጠባይ ስናመካኝ ኖረን ነበር። ለካ ግማሹ የጥበት ነበር። ሰው ሲከፋው ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ካላገኘ የከፋውን ነገር አጠገቡ ላለው ሰው ይናገራል። ግቢው ውስጥ አንዲት የዶሮ ቤት የምታህል ጓዳ ነበረች፤ ምጣዱን እዚያ አስገባን። የራሳችን ቆጣሪ ስላለን ቶከን እስከሞላን ድረስ በፈለግነው ሰዓት መጋገር ቻልን፤ የሌሊት 10 ሰዓቱ ነገር ቀረ። ልጃችንም ጠረጴዛ አገኘች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ወስዳ ያሰበችው ትምህርት ቤት ገባች። ጠረጴዛው ነው ያሳለፋት አንልም፤ የደከመችው ራሷ ናት። ነገር ግን እንቅልፍ ጠግባ ነው የተፈተነችው።

አራተኛዋ ትንሽ ክፍል ለሠራተኛ ተብላ የተሠራች ነበረች። እሷን የዕቃ ክፍል አደረግናት። ያን ጊዜ «ለጆንያ ኪራይ እንከፍላለን ወይ» ተባብለን ነበር። በኋላ ያችው ክፍል እንዴት እንዳዳነችን ስሙ። በሜይ 2020 በኮሮና ምክንያት ከ6ኛው ቀን ምሽት ጀምሮ ወደ ኢስሊ መግባትና ከኢስሊ መውጣት ተከለከለ። እስከ ጁን መጀመሪያ ድረስ አንድ ወር ያህል እንዲሁ ቆየ። ሱቃችን ውስጥ ነው፣ እኛ ውጭ ነን። ቁልፉ ኪሳችን ውስጥ ነው። እንደ ቀድሞው ኢስሊ ብንኖር ኖሮ ከሱቃችን ጋር እንዘጋ ነበር፤ ቢያንስ እንሸጥ ነበር። ስለዚህ መዛወራችንን ረገምን። በሦስተኛው ቀን ግን ያቺን ክፍል ከፍተን ስንቆጥር አሥራ አንድ ጆንያ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ምስርና ሽሮ አገኘን። ትልቁ ልጅ በስልክ ትዕዛዝ ተቀበለ፣ ገንዘቡ በኤም ፔሳ ገባ፣ ዕቃውን በቦዳቦዳ ላክን። ያን ወር የበላነውም፣ ኪራይ የከፈልነውም ከዚያች ክፍል ነው። ትምህርት ቤቶችም ከማርች ጀምረው ተዘግተው ስለነበር ሦስቱም ልጆች ቤት ነበሩ። በሁለቱ ክፍል ሆነን ያ ዘመን ቢመጣብን ምን እንደምንሆን አስበነው አንጨርሰውም።

እማማ በ2018 አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ደሴ እስኪሸኝ ድረስ ሦስት ቀን ልቅሶ በቤታችን ተቀመጥን። ሶፋውን አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን፣ በግቢው ድንኳን ተተከለ፣ ማኅበራችን ወንበርና ትልልቅ ድስት ላከ። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ማንም ደረጃ ላይ አልተቀመጠም። ከኢስሊ የድሮ ጎረቤቶቻችን እነዚያው ሶማሌዎቹ በአንድ ማታቱ ተሰባስበው መጡ። ስለዚህ ቤቱ ባለፉት ዓመታት ምን ጠቀማችሁ የሚለን ካለ በመጀመሪያ የምንጠራው እነዚያን ሦስት ቀናት ነው።

ግን ጥቅሙን ብቻ ተናግረን ብንወርድ ነጋዴ ዕቃውን እንደሚያሞግሰው ይሆንብናል። ሰፊ ቤት ያስከፍላል፤ ኪራዩ ብቻ አይደለም። ባዶ ክፍል ሰው ያሳፍራል፤ «ሳሎኑ ባዶ ነው» ተብሎ ሶፋ ተገዛ፣ ሶፋው ሲገባ ቡፌ ጠራ፣ ቡፌው ብርጭቆ ጠራ። በመጀመሪያው ዓመት ለዕቃ ያወጣነው ለኪራይ ካወጣነው አይተናነስም። ያ ስሕተት ነበር፤ ዛሬም ቡፌውን ባየነው ቁጥር እንስቃለን። ውሃም አለ። በ2017 መጀመሪያ ናይሮቢ ውሃ በፈረቃ ሲሆን፣ የከተማው ዋና ምንጭ የንዳካይኒ ግድብ ጎድሎ ስለነበር፣ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ብዙ ውሃ እንደሚጠጣ አወቅን። የታንከር ውሃ መግዛት ጀመርን። በዚያው ዓመት ምርጫው በኦገስት ተደርጎ፣ በሴፕቴምበር በፍርድ ቤት ተሰርዞ፣ በኦክቶበር እንደገና ሲደረግ ገበያ ቆመ። የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ ገባብን። ያን ጊዜ አከራዩን አስፈቅደን አንዱን መኝታ ቤት ለሁለት ተማሪ ልጃገረዶች አከራየን። እንዲህ ሆነን አለፍነው። ሰፊ ቤት በክፉ ቀን ጠባብ ማድረግ ይቻላል፤ ጠባቡን ግን በደግ ቀን እንኳ ማስፋት አይቻልም። ይህን የተማርነው ዕዳ ላይ ሆነን ነው።

ከሁሉ ያላሰብነው ግን የቋንቋው ነገር ነው። ሁለቱ ትልልቆች ልጆቻችን አማርኛ ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ተረት ያውቃሉ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝተው የእንግዳውን ወሬ፣ የእማማን ጸሎት፣ የእኛን ጭቅጭቅ ሁሉ ሲሰሙ ነው የተማሩት። ታናሹ ያደገው በር ባለው ክፍል ነው። ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። እማማ ካረፉ በኋላ ደግሞ ባሰ። አሥር ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን «ጓዳ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የጠየቀው። ያን ዕለት ማታ ደንብ አወጣን፤ እራት የሚበላው በአንድ መሶብ፣ ሳሎን፣ ስልክ ሳይያዝ ነው፤ እሑድ ቡና ሦስቱም እስኪጠጣ ከሳሎን የሚነሣ የለም። ቅዳሜ ደግሞ ወደ ማኅበራችን የፊደል ትምህርት መላክ ጀመርን። አሁን አማርኛው ተሻሽሏል፤ አነጋገሩ ግን ጋዜጣ ያነበበ ሰው ይመስላል እንጂ የወንድሙን አይመስልም። ይህንን ጉዳት ሰፊው ቤት አምጥቶብናል፤ አንሸሽገውም።

ወደ ማኅበራችን ጉዳይ እንመለስ። «ለሃያ አምስት ዓመት በዚህች ክፍል ኖረናል፣ ፍቅር ካለ ይበቃል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛም የነብሩን ቆዳ ተረት ስናወራ ስለኖርን እንረዳቸዋለን። ኪራይ ብንጨምርና አባል መዋጮ ቢያቆም ምን እንሆናለን የሚሉም አሉ፤ ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ በ2017 ቀምሰነዋል። ሌሎች ደግሞ «ከመከራየት አንድ ጊዜ ገዝተን እንገላገል» ይላሉ። ለእነዚህ የምንለው አለን። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 የውጭ አገር ዜጋ መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ለዘላለም የእናንተ ይሆናል» የሚል ደላላ ከመጣ ገና ከበር መልሱት። ለ99 ዓመት የሆነውም ቢሆን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የባለቤትነቱ መዝገብ መታየት አለበት፤ ከ2021 ጀምሮ የናይሮቢ መሬት መዝገብ አርዲሳሳ በሚባለው የመንግሥት የኮምፒዩተር አሠራር ውስጥ ይገኛል፤ ጠበቃ ይዞ ማስፈተሽ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ማኅበራችን ለመግዛት ገና አልደረሰም። ቅድሚያ ተከራይቶ ስፋቱን መሸከም መቻሉን ይየው።

መከራየቱን ግን እንደግፋለን። ምክንያታችንንም እንናገር። ባለፈው ወር ታናሹን ለመውሰድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ማኅበሩ ሄድን። ክፍሉ ውስጥ በአንድ ጥግ የዕድር ስብሰባ ነበረ፣ በሌላው ጥግ ትልልቆቹ ልጆች ያነባሉ። ትንንሾቹ ቦታ ስላልነበራቸው መምህርቷ ወደ ውጭ አውጥታቸዋለች። ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ሀ ሁ»ን ይጽፉ ነበር። ሰው ሲወጣና ሲወርድ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ባለቤቴ ዓይታ ምንም አልተናገረችም፤ መኪና ውስጥ ገብተን ግን ለረጅም ጊዜ ቁልፉን አላዞርነውም።

እንግዲህ ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን የምንለው ይህን ነው። ከመግባታችን በፊት የስድስት ወር ኪራይ በባንክ ይቀመጥ፤ ከዚያ አይነካ። ለመጀመሪያው ዓመት ሶፋ፣ ቡፌ፣ መጋረጃ የሚባል ነገር አይገዛ፤ ያሉን አርባ ወንበሮች ይበቃሉ። ከክፍሎቹ አንዱ ለመሥሪያ ቤት ወይም ለአባል ሱቅ ይከራይና የውሃና የመብራቱን ይሸፍን። አከራዩ ልቅሶ፣ ሠርግና የልጆች ትምህርት እንደሚካሄድ አስቀድሞ አውቆ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በቃል «ችግር የለም» ማለቱ አይበቃም፤ ኬርቴከር ሲለወጥ ቃልም ይለወጣል። ለሴቶቹም ሆነ ለወንዶቹ የሚበቃ መጸዳጃ መኖሩ ይታይ። መስኮቶቹ ይቆጠሩ፣ መከፈታቸውም ይሞከር። ትልቁ አዳራሽ ደግሞ እንደ ቤታችን በየበሩ እንዳይበታትነን ለሁሉም የጋራ ሰዓት ይኑር፤ ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ ወላጅ፣ ልጅና ዕድርተኛ አብሮ ቡና ይጠጣ። ቡናውን ለመጀመሪያው ዓመት ከሱቃችን እንችላለን።

ኮሚቴው ያየው ግቢ በፊታችን እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለአባላት ክፍት ይሆናል ተብሏል። የምትቃወሙም የምትደግፉም እባካችሁ ኑ፤ ልጆቻችሁንም አምጡ፣ እነሱ የሚያዩት እኛ የማናየውን ነው። የውሃውን ታንከር ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ሜትር እኛ እናመጣለን።